«አልፎርኖው ውሃ አዘለብኝ»፦ የበዓል ማዕድ ቤት ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ምግብ ነው፤ አትክልቱ ተቀቅሎ፣ በነጭ ሶስ ማለትም በቤሻሜል ተለውሶ፣ ፎርማጆ ተነስንሶበት የሚጋገረውን የአትክልት አልፎርኖ። ነገሩ አያስገርምም። በእነዚህ ከተሞች የበዓል ገበታ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት አብረው ይቀመጣሉ። ሥጋው ማን አረደው ተብሎ ይጠየቃል፣ ለየብቻም ይሠራል፤ በአትክልቱ ትሪ ግን ሁሉም እጁን ይሰዳል። ስለዚህ ትሪውን እንደ ዋና ምግብ ቆጥረን ነው የመለስነው።

ጥያቄ፦ ለመጪው በዓል የአትክልት አልፎርኖ ላቀርብ አስቤያለሁ። ሰው ቤት በልቼ ወደድኩት እንጂ ሠርቼው አላውቅም። ለስምንት ሰው ምን ያህል እንደሚገባና ከምን እንደሚጀመር ጻፉልኝ። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ 35 በ25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትሪ ይበቃዎታል። አትክልቱ ከተላጠና ከተከተፈ በኋላ በድምሩ 2 ኪሎ ይሁን፦ 700 ግራም አበባ ጎመን፣ 600 ግራም ድንች፣ 400 ግራም ካሮት፣ 300 ግራም ፎሶሊያ። አበባ ጎመን ከነቅጠሉና ከነግንዱ ስለሚሸጥ፣ ተጠርጎ 700 ግራም እንዲወጣው ከኪሎ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ለሶሱ 1 ሊትር ወተት፣ 80 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ የተፈጨ ገውዝ ያዘጋጁ። ሚዛን ከሌለዎት 80 ግራም ዱቄት አፉ በቢላ የተስተካከለ 10 የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው፤ ቅቤው 6 ማንኪያ ገደማ። ለላዩ 200 ግራም የተፈቀፈቀ ፎርማጆና ሁለት እፍኝ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል።

አትክልቱን ለየብቻ ይቀቅሉ። አንድ ላይ የቀቀለ ሰው ወይ ጥሬ ካሮት ወይ የላሸቀ አበባ ጎመን መብላቱ አይቀርም። ውሃው ሲንተከተክ በ3 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት የተከተፈ ካሮት 6 ደቂቃ፣ ፎሶሊያ 6 ደቂቃ፣ በጉርሻ መጠን የተፈለቀቀ አበባ ጎመን 4 ደቂቃ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ድንች 8 ደቂቃ። ይህ የድሬዳዋ ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውሃዋ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሐረር ግን 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 አካባቢ ነው። ሐረር የሚሠራ ሰው በየዓይነቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጨምር። ዋናው መለኪያ ግን ቢላ ነው፤ ጫፉ ገብቶ መሐሉ ላይ ትንሽ ያዝ ካደረገው ይውጣ፣ የቀረውን ኦቨኑ ያበስለዋል።

ከዚያ አጥልለው፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ ሳይደራረብ ዘርግተው ለ15 ደቂቃ እንፋሎቱ ይውጣለት። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህቺን ነው፤ ማጥለያ ውስጥ ተከምሮ የተተወ አትክልት በራሱ እንፋሎት እንደገና ይረጥባል።

ለሶሱ ቅቤውን በለዘብተኛ እሳት አቅልጠው ዱቄቱን በአንዴ ይጨምሩና ለ2 ደቂቃ ያማስሉ። ቀለሙ አይቀየር፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው ሄዶ የብስኩት ሽታ ሲመጣ በቂ ነው። ወተቱን በመጀመሪያ በጭልፋ፣ እየወፈረ ሲሄድ በብርጭቆ ያስገቡ። ሁሉም ከገባ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ያንተክትኩት። ማንኪያውን ነክረው አውጥተው ጀርባውን በጣት ሲያሰምሩት መሥመሩ ሳይገናኝ ከቆመ ደርሷል። ጨውና ቅመሙ በስተመጨረሻ ይገባል።

ትሪውን በቅቤ ቀብተው፣ ከሶሱ ሦስት እጁን ከአትክልቱ ጋር ለውሰው ያስተኙት፤ አራተኛውን እጅ ከላይ አፍስሰው ፎርማጆውንና ፍርፋሪውን ይነስንሱ። በ190 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። ጠርዙ ዙሪያውን ሲንተከተክና ላዩ ወርቅማ ሲሆን ይውጣ። ከወጣ በኋላ ለ20 ደቂቃ ማንም አይንካው።

ጥያቄ፦ አቦ እኔስ ሰለቸኝ! ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሠራሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሲቆረጥ ትሪው ሥር ውሃ ተጠራቀመ። ሶሱ እኮ ሲገባ ወፍራም ነበር። አትክልቱ ዝኩኒ፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ትንሽ ቲማቲም ነው። (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሶስዎን አንጠርጥረውም፤ ጥፋቱ ከአትክልቱ ምርጫ ነው። ዝኩኒ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ግማሽ ኪሎ ዝኩኒ ትሪ ውስጥ ሲያስገቡ ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ አብረው አስገብተዋል ማለት ነው፤ ጥሬ ሳለ በውስጡ ይዞት አይታይም፣ ኦቨኑ ሲሞቅ ግን ይለቀዋል። ካሮት 88፣ ድንች ደግሞ 79 አካባቢ ነው። ድንች ያለበት አልፎርኖ የሚሳካው ስታርቹ የተረፈውን ውሃ ስለሚመጥጥ ነው፤ የእርስዎ ትሪ ውስጥ የሚመጥ አንድም ነገር አልነበረም።

ዝኩኒውን ካልተዉት እንዲህ ያድርጉ፦ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠው፣ በግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ማጥለያ ላይ ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ሥሩ የሚጠራቀመውን ሲያዩ ያለፈው ዓመት ውሃ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። ከዚያ በፎጣ አድርቀው፣ በጋለ መጥበሻ በጥቂት ዘይት ሁለቱንም ገጽ ቀላ ያድርጉት። የሶሱን ጨው በግማሽ ይቀንሱ። ቆስጣው ለ1 ደቂቃ በፈላ ውሃ ገብቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ በጡጫ ይጨመቅ፤ አንዴ ጨምቀው «በቃው» ካሉ በኋላ ደግመው ይጭመቁት፣ ሁልጊዜ ይወጣዋል። ቲማቲሙ ግን ይቅር። ውሃውም አሲዱም ለወተት ሶስ አይስማማም።

ለወደፊቱ ሥሩ ያለውን ፈሳሽ አይተው ምክንያቱን ራሱን ማወቅ ይቻላል። ቀጭንና የጠራ ከሆነ የአትክልት ውሃ ነው። ነጫጭ ፍርፋሪ የሚንሳፈፍበት ከሆነ ወተቱ ፈርሷል፤ ወይ ኮምጠጥ ያለ ወተት ነው የገባው ወይ ቲማቲም። ፈሳሹ ራሱ ሶሱ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚረጋ ከሆነ ደግሞ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ቶሎ ነው የተቆረጠው፤ ቤሻሜል ሲፈላ ቀጥኖ፣ ሲበርድ ነው የሚይዘው።

በድሬ ሙቀት የጠዋት ወተት እስከ ቀትር ሊቆመጥጥ ስለሚችል፣ ሙሉውን ከማፍሰስዎ በፊት ሁለት ማንኪያ በትንሽ ዕቃ ያፍሉ። ካልቋጠረ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ቤሻሜሉ ይጓጉልብኛል። ወተቱን አሙቁት የሚሉም፣ ቀዝቃዛ ይሁን የሚሉም አሉ። የትኛው ነው ትክክል? (ከሐረር)

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራል፤ የሚያጓጉለው የወተቱ ሙቀት ሳይሆን ብዛቱና ፍጥነቱ ነው። ዱቄት ድንገት ብዙ ትኩስ ፈሳሽ ሲያገኘው የእያንዳንዱ ጓል ውጭ ወዲያው ሙጫ ይሆናል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቢያማስሉት የሙጫው ሽፋን አያስገባም። የመጀመሪያውን ጭልፋ ሲጨምሩ ድብልቁ እንደ ሊጥ ይሰበሰባል፤ አይደንግጡ፣ ለስልሶ አንድ እስኪሆን ያሽቱትና ሁለተኛውን ያስከትሉ። አራተኛው ጭልፋ ላይ አደጋው አልፏል። የጓጎለውን በወንፊት አጥልሎ ወደ እሳቱ መመለስ ነውር የለበትም፣ እንግዳው ወንፊቱን አያይም። ዱቄት ዱቄት የሚለው ግን በወንፊት አይድንም፤ ያን የሚያጠፋው ያ የ10 ደቂቃ መንተክተክ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የገበታ ቅቤ ከሌለኝ በንጥር ቅቤ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ በ80 ፋንታ 65 ግራም ያድርጉት፤ የተነጠረ ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ይከብዳል። ኮሰረትና ኮረሪማ የበዛበት ከሆነ ግን የሚበሉት አልፎርኖ ሳይሆን ነጭ የቅቤ ወጥ ይመስላል። ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ አንጥረው ቢጠቀሙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፎርማጆ ተወዷል። በቤት አይብ ተካሁት፣ አልቀለጠም፤ ላዩ ላይ እንደ ጠጠር ደረቀ። አይቡ አሮጌ ሆኖ ነው? (ሸዋ በር አካባቢ፣ ሐረር)

መልስ፦ አይቡ ትኩስም ቢሆን አይቀልጥም ነበር። ፎርማጆ በኢንዛይም የረጋ ስለሆነ የወተቱን ፕሮቲን አያይዞ የሚይዘው ካልሲየም አብሮት አለ፤ ሲሞቅ ያ መያያዣ ይላላና ይለጠጣል። የእኛ አይብ ግን ቅቤ ከወጣለት እርጎ፣ ማለትም በአሲድ ረግቶና ተሞቆ የተለየ ነው። አሲዱ ካልሲየሙን አውጥቶታል፤ እንደገና ሲሞቅ ውሃውን እየተፋ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ አይፈስም። እርስዎ ላዩ ላይ ያዩት ጠጠር ይኸው ነው።

አይቡን ከላዩ አንሥተው ወደ መሐል ያውርዱት። 300 ግራም ትኩስ አይብ በሻሽ ጨምቀው፣ ከአንድ እንቁላልና ከትንሽ ጨው ጋር ለውሰው፣ በሁለት የአትክልት ንብርብር መካከል እንደ ላዛኛ ይዘርጉት። እዚያ በሶስ ተሸፍኖ ስለሚቆይ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጣዕሙም ጥሩ ነው፣ ከአንዳንድ ፎርማጆም ይበልጣል። ትኩስ ሶስ ውስጥ ግን አይበጥብጡት፣ ኮምጣጣነቱ ሶሱን ያፈርሰዋል። ለላዩ ቀለም የዳቦ ፍርፋሪ በሁለት ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ አሽተው ይነስንሱ። ጥቂት ፎርማጆ ካለዎት 50 ግራሙን ከፍርፋሪው ጋር ይቀላቅሉት፣ ብቻውን ከተነሰነሰ 100 ግራም የተሻለ ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት የግመል ወተት አይጠፋም። ቤሻሜል ይወጣዋል? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይወጣዋል፤ ሶሱን የሚያወፍረው ዱቄቱ ስለሆነ የወተቱ ዓይነት ብዙ አያስጨንቅም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠብቁ። የግመል ወተት በራሱ ጨው ጨው ይላል፣ ስለዚህ ጨው በመጨረሻ ቀምሰው ያድርጉ። ሲፈላ አረፋው ብዙ ነው፣ ሰፋ ያለ ድስት ይያዙ። ሦስተኛው የጢስ ነገር ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ወተት በታጠነ ዕቃ ስለሚቀመጥ ጢሱ ሶሱ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። ድንችና ዱባ ያለበት አልፎርኖ ላይ ያ ጢስ ያምራል፣ አበባ ጎመን ላይ ግን ይጣላል። ግማሽ የግመል ግማሽ የላም ቢያደርጉት የሁለቱንም ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም። ከሰል አለኝ፣ ድፎ ዳቦም እጋግራለሁ። ይቻላል ወይስ ዳቦ ቤት ልላክ? (ከአሸዋ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ድፎ የሚጋግር እጅ አልፎርኖ አያቅተውም። ልዩነቱ፣ ድፎ ከሥርም ከላይም እኩል እሳት ይፈልጋል፤ አልፎርኖ ግን ውስጡ በስሎ ስላለቀ የሚፈልገው የላይ እሳት ነው። ፍሙን ሦስት ቦታ ቢከፍሉት አንዱ እጅ ከሥር፣ ሁለቱ ከላይ ይሁን።

ትሪው ወይም ሳህኑ የሚገባበት ሰፊ ድስት ይፈልጉ። ትሪው የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ ሥሩ ላይ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ መሐል የሚቀረው አየር ነው ኦቨን የሚያደርገው። ድንጋዩ ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ባዶውን ድስት ከድነው ለ10 ደቂቃ ያግሉት። ከዚያ ትሪውን አስገብተው በጠፍጣፋ የብረት ክዳን ይክደኑና ፍሙን ክዳኑ ላይ ይዘርጉ፤ ጠርዝ ጠርዙን ወፈር፣ መሐሉን ሳሳ አድርገው። ፍሙ ነበልባሉን ጨርሶ አመድ የለበሰ መሆን አለበት። በ20ኛው ደቂቃ የላዩን ፍም ያድሱ፣ በ40ኛው ይክፈቱ። በየደቂቃው የሚከፍት ሰው ሙቀቱን አጥቶ አመድ ያተርፋል። ክዳኑ የሚነሣውም ፍሙ በመቆንጠጫ ወርዶ፣ ክዳኑም በጨርቅ ተጠርጎ ነው። ከሰሉን ደጅ ያድርጉት፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ዳቦ ቤት ከላኩ ሌላ ጣጣ አለ። የዳቦ ምድጃ ብዙ ጊዜ ከ220 ዲግሪ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሶሱ ገንፍሎ ፎርማጆው ዘይቱን ይተፋል። ትሪውን በፎይል ጥብቅ አድርገው ይሸፍኑት፣ ለ20 ደቂቃ ከነፎይሉ፣ ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ ተገልጦ ይቆይ፣ ቦታውም በሩ አጠገብ ይሁን። ከትሪው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። በበዓል ዋዜማ ዳቦ ቤቱ በድፎ ትሪ ስለሚጨናነቅ ጠዋት የዳቦው ሥራ ሲጋመስ ይሂዱ፤ የሰው ትሪ ይዘው እንዳይመለሱም ጎኑ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ኦቨን ኖሮት ቁጥሩ ለጠፋበት አንድ ዘዴ እንጨምር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርገው ለ15 ደቂቃ ያስገቡት። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከቀለጠ 190 ደርሰዋል፣ እንደነበረ ከቆየ ኦቨንዎ ገና ነው።

ጥያቄ፦ ለዓረፋ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን እንጠራለን። አንዳንዴ ቀኑ ጾማቸው ላይ ይውላል፣ ያኔ አልፎርኖውንም አይነኩትም። ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ነጭ ሶስ ይሠራል? ዘይትና ዱቄት ብቻ ሞክሬ እንደ ሙጫ ሆነብኝ። (ከሐረር፣ ጀጎል ውስጥ)

መልስ፦ የሂጅራ አቆጣጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ዓረፋም ኢድም በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ አንዴ ፍስክ ላይ የዋለ ሌላ ጊዜ ጾም ላይ ያርፋል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ እንደ ጾም ቆጥረው ያዘጋጁ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም።

ሙጫ የሆነው ሶሱ ውስጥ ከዱቄት ሌላ አካል ስላልነበረ ነው። ወተት ስብና ፕሮቲን ይዞ ይገባል፤ ውሃ ምንም ይዞ አይገባም። ያን የሚተካው ነገር ደግሞ ከደጃፍዎ አይርቅም፦ የባቢሌ ለውዝ።

150 ግራም ጥሬ ለውዝ ይልቀሙ። የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም ሻጋታ የነካው አንድም እንዳይቀር፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። በለዘብተኛ እሳት ለ12 ደቂቃ ያህል ቆልተው ገና ክሬም መልክ ሳለ ያውጡት። የቡና ቁርስ ያህል ከቀላ ሶሱ ቡናማ ይሆናል፣ ጣዕሙም ወደ ለውዝ ቅቤ ይሄዳል። ገለባውን አሽተው አበጥረው፣ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ እስኪለሰልስ ድረስ ይፍጩት። በሁለት ጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ካለ ይደገም።

ካሮትና አበባ ጎመን የቀቀሉበትን ውሃ አይድፉ፣ 1 ሊትሩን ያስቀሩ። ጨው ስላለበት ሶሱ ላይ ሌላ ጨው ገና አይጨምሩ። አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀው፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሳይከትፉ አስገብተው መዓዛቸው እስኪወጣ ያሙቁና ያውጧቸው። 65 ግራም ዱቄት በዚያው ዘይት ላይ 2 ደቂቃ ይቁላ፣ ከዚያ የአትክልቱን ውሃ እንደ ወተቱ በጭልፋ ይጨምሩ። ለ10 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች በወንፊት አሽተው ያስገቡበት። የለውዙን ልቁጥ የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ፣ እሳቱን ከቀነሱ በኋላ ነው። ረጅም ጊዜ ከፈላ ዘይቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ቢለይብዎ ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው በፍጥነት ቢመቱት ይመለሳል።

ይህ ሶስ ኦቨን ውስጥ ከወተቱ ይበልጥ ይወፍራል። ሲገባ እንደ እርጎ የሚፈስ ይሁን፣ እንደ ገንፎ ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይጨመርበት። ለላዩ ፍርፋሪውን በሁለት ማንኪያ ዘይት፣ በተከተፈ ፐርስሊና ወፍራም ተደርጎ በተወቀጠ አንድ ማንኪያ ለውዝ ይሹት፤ የዳቦው ሊጥ ወተት ወይም ቅቤ እንዳልገባበት አስቀድመው ይጠይቁ። 190 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ። ለውዝ የማይስማማው ሰው ስላለ ሲያቀርቡ ለውዝ እንዳለበት ሳይናገሩ አይለፉ።

ጥያቄ፦ የበዓሉ ቀን እጄ አይደርስም። ከዋዜማው ሠርቼ ማሳደር እችላለሁ? መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ያድራል፣ ነገር ግን ትሪውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ወተትና የተቀቀለ አትክልት በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይተዉት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ብዙ ወራት ነው። ሶሱ ቶሎ እንዲበርድ ሰፊ ዕቃ ላይ ያፍስሱት፣ ላዩም ቆዳ እንዳያወጣ ፕላስቲክ ሶሱን አስነክተው ያልብሱት። የቀዘቀዘ ሶስና የቀዘቀዘ አትክልት ለውሰው ትሪው ላይ ያስተኙና ሸፍነው ያስገቡ። ፍርፋሪው የሚነሰነሰው ሊጋገር ሲል ነው፤ ካደረ ይረጥባል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ትሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መሐሉ ላይ የገባ ቢላ ሲወጣ ጫፉ የሚያቃጥል መሆን አለበት። የመስታወት ፓይሬክስ ከሆነ ከብርድ ወደ ጋለ ኦቨን በቀጥታ አይግባ፣ ይሰነጠቃል፤ ለግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትን ግን አንመክርም፣ ሲቀልጥ ድንቹ ይሻክራል፣ ሶሱም ውሃውን ይለቃል።

መብራት ከጠፋ የማቀዝቀዣው በር እስካልተከፈተ ድረስ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እየተጋገረ ሳለ ከጠፋ ኦቨኑን አይክፈቱት፤ ለ15 ደቂቃ በያዘው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል፣ በዚያ መሐል ከላይ ለአሸዋዋ ጠያቂ የጻፍነውን ከሰል ያቀጣጥሉ።

ጥያቄ፦ ሶሱ ጣዕም እንዲኖረው የሾርባ ኩብ ብጨምር ምን ይላችኋል?

መልስ፦ ለጣዕሙ ከሆነ ወተቱን ከግማሽ ሽንኩርትና ከአንድ የበሶብላ ቅጠል ጋር አሙቀው፣ ለ15 ደቂቃ ከድነው ካቆዩ በኋላ አጥልለው ቢጠቀሙ ከኩቡ የተሻለ ይወጣል። ሌላም ምክንያት አለን። ብዙ ኩብ የዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ተዋጽኦ አለበት፤ የዶሮ ኩብ የገባበት ትሪ ለሚጾም እንግዳ አይሆንም፣ ኩቡ ሐላል ካልሆነ ለሙስሊም እንግዳም አይሆንም፣ እርስዎ «አትክልት ነው» ብለው ያቀርቡታል። ፎርማጆም ቢሆን አንዳንዱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ኢንዛይም ስለሆነ መጠቅለያውን ያንብቡ፣ ለሙስሊም እንግዶችዎ ሐላል የሚል ምልክት ያለውን ይምረጡ። የሥጋ መክተፊያውንና የአትክልቱን ደግሞ ከጠዋቱ ይለዩ።